ያልተሸጠው ሥዕል ሲመለስ

ሥዕል የሚሥል ልጅ ያለበት ቤት አንድ ጥያቄ አያጣም። «ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚለው ነው። አባት ጮክ ብሎ ይጠይቀዋል። እናት በልቧ ይዛው ትብሰለሰላለች። አያት ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው በተረት ይዘጉታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለልጁ ከማሰብ እንጂ ሥዕልን ከመጥላት የመጣ አይደለም። እኔም ሸዋ ሮቢት ተቀምጬ፣ ሥዕል እየሸጥኩ ልጆች የማሳድግ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ዛሬም ከቤቴ አልወጣም።

የዛሬው ጽሑፌ ለጥያቄው «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብሎ የሚመልስ አይደለም። ሥዕል እንጀራ የሚሆንበትን ቦታ፣ ባዛሩንና የሥዕል ትርዒቱን፣ ከዝግጅቱ አንሥቶ ዕቃው ወደ ቤት እስኪመለስ ድረስ እንደማውቀው ልነግራችሁ ነው። ቤተሰብ ልጁን በእውነት ሊረዳ የሚችለው ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ሲያውቅ ነውና።

እኛ የይፋት ቆላ ሰዎች ለነገሩ ባዕድ አይደለንም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ያለው የሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ ይቆማል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል። አርጎባው በሽመናው የታወቀ ነው። ኦሮሞውና አማራው እህሉን፣ ቅቤውን፣ ስፌቱን ይዞ ይደርሳል። «አሰላሙ አለይኩም» እና «እንደምን አደራችሁ» ጎን ለጎን ይሰማሉ። በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ነው። ገበያ ማለት ምን እንደሆነ ከእነዚህ ቦታዎች በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላየሁም።

ለሰንበቴ ስፌት ይዛ የምትወጣ ሴት ቅዳሜ ማታ የምትሠራውን አስታውሱ። ስፌዱን ከስፌድ፣ መሶቡን ከመሶብ ትለያለች። ጫፉ የተፈታውን በወስፌ ትጠግናለች። አለላው የደመቀውን ከላይ፣ ተራውን ከታች ታደርጋለች። መጀመሪያ የምትጠራውን ዋጋ፣ ለዘመድ የምትቀንሰውን፣ ከዚያ በታች ፈጽሞ የማትሰጥበትንም በልቧ ትይዛለች። ስንቋን ቋጥራ፣ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። እኔ ለባዛር ስዘጋጅ የማደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ የእኔ ቅዳሜ ማታ ሦስትና አራት ወር መርዘሙ ነው።

ገበያው ብዙ ዓይነት ነው

ሠዓሊ የሚወጣበት ገበያ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የበዓል ባዛር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ሲካሄዱ የኖሩትን ባዛሮች ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ሥዕል ከጫማ፣ ከብርድ ልብስና ከማር ጋር ጎን ለጎን ይቀርባል። ሰው በብዛት ያልፋል፤ ሥዕል ፈልጎ የመጣው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው በሆቴል ግቢ፣ በትምህርት ቤት ወይም በባህል ማዕከል የሚዘጋጀው፣ የእጅ ሥራና ሥዕል ብቻ የሚቀርብበት ትንሽ ባዛር ነው። ሰው ያንሳል፤ የሚመጣው ግን ለመግዛት አስቦ ነው። ሦስተኛው ጋለሪ ነው። ጋለሪው ሥዕሉን ተቀብሎ ያሳያል፣ ገዢ ይፈልጋል፣ ሲሸጥም ድርሻውን ይወስዳል። ብዙ ወላጆች ይህን ድርሻ ሲሰሙ «ልጄን ዘረፉት» ይላሉ። ድርሻው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ግድ ነው። ነገር ግን ኪራዩን፣ መብራቱንና ደንበኛውን ይዞ የሚቀመጥ ሰው በነፃ ይሥራ ማለትም ፍርድ አይደለም።

አራተኛው ዓለም አቀፉ የሥዕል ትርዒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞሮኳዊቷ ቱሪያ ኤል ግላዊ ለንደን ላይ የተመሠረተውን «አንድ-ሃምሳ አራት» የተባለውን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ትርዒት ለምሳሌ ብንወስድ፣ ስሙ አንድ አህጉርና 54 አገሮች ማለት ነው። እዚያ ሠዓሊው ራሱ ሥዕሉን ዘርግቶ አይቆምም፤ ጋለሪዎች ቦታ ተከራይተው ያቀርቡለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ የኢትዮጵያውያንን ሥዕል ወደ እንዲህ ያሉ ትርዒቶች ከሚወስዱት አንዱ ነው።

ይህ ጋለሪ ሥራቸውን ከሚያቀርብላቸው ሠዓሊዎች መካከል ታደሰ መስፍን ይገኛሉ። የተወለዱት በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ ሰሜን በምትገኘው በወልድያ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ውጭ አገር ድረስ የሄዱት ሥዕሎቻቸው የሚያሳዩት ግን የውጭ አገር ነገር አይደለም። ዕቃቸውን ይዘው ገበያ ላይ የሚቆሙ ሴቶችን ነው። ተከታታይ ሥራቸውንም «የሕይወት ምሰሶዎች» ብለውታል። እነዚያን ሴቶች እኛ በየሳምንቱ እናያቸዋለን። ልጃችሁ «ምን ልሣል?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ሩቅ አገር ከመመኘቱ በፊት እሑድ ጠዋት ሰንበቴ ውሰዱት።

ዝግጅቱ

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሳሳ ብሎ የተቀባው ሲነኩት እጅ እስከማይዝ ድረስ ቀናት ይቆያል። ወፍሮ የተቀባው ውስጡ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ የሚቀርብ የዘይት ሥዕል ሐምሌ ላይ ሳይሆን ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት። አክሪሊክ የሚባለው በውሃ የሚቀጥነው ቀለም ቶሎ ይደርቃል። በእኛ ቆላ ሙቀት ግን ብሩሽ ላይ ሳለ መድረቅ ስለሚጀምር፣ እኔ በአክሪሊክ የምሠራው ማለዳና ማታ ነው። ልጃችሁ በሌሊት ተነሥቶ ሲሥል ብታዩት አትቆጡት፤ ፀሐዩን እየቀደመ ነው።

ቀጥሎ መጠን አለ። ባዛር ላይ አብዛኛው ሰው የሚገዛው በእጁ ይዞት ሊሄድ የሚችለውን ነው። በሚኒባስ የመጣ ሰው ሁለት ሜትር ሸራ ቢወድም አይገዛም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ትላልቆች፣ አምስትና ስድስት መካከለኞች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ትንንሾች እይዛለሁ። ትልቁ ሰውን ከሩቅ ይጠራል። ትንሹ የታክሲና የምሳ ወጪ ይችላል። መካከለኛው ደግሞ ሥራውን ያቆየዋል።

ሦስተኛው ከየሥዕሉ አጠገብ የምትለጠፈው ወረቀት ናት። የሥዕሉ ስም፣ የተሠራበት ቀለም፣ ቁመትና ወርዱ፣ ዓመቱና ዋጋው ይጻፍባታል። ዋጋውን መጻፍ የሚያሳፍራቸው ወጣቶች አሉ። ነገር ግን ገዢም ያፍራል፤ ዋጋ ጠይቆ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት እንዴት እንደሚመለስ ስለሚጨንቀው ሳይጠይቅ ያልፋል። ይህችን ወረቀት በጥሩ እጅ ጽሑፍ የሚጽፍ አያት ካለ፣ ከዚህ የተሻለ እርዳታ የለም።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። «ለአንድ ሸራ ይህን ያህል ብር? ማን አብዶ ይገዛል?» የሚል ድምፅ ከሳሎን ይሰማል። እስቲ በምሳሌ እናስላ። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ እናንተ የወቅቱን ዋጋ ተኩበት።

ልጃችሁ አሥር ሥዕል ይዞ ወደ ባዛር ይሄዳል እንበል። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሸራው፣ የሚወጠርበት እንጨት፣ ቀለሙና ፍሬሙ 2,500 ብር ፈጀ። ትራንስፖርት፣ ጭነት፣ ማደሪያ፣ ምግብና የቦታ ኪራይ ተደምሮ 15,000 ብር ሆነ። አንዱን ሥዕል ለመሥራት አምስት ቀን ፈጅቷል፤ የቀን ሥራውን በ500 ብር ብንቆጥረው 2,500 ብር ነው። 15,000ውን ለአሥር ሥዕል ሲያካፍሉት 1,500 ይደርሳል። ስለዚህ የአንዱ ዋጋ 6,500 ብር ይመጣል። ሂሳቡ ትክክል ይመስላል።

ችግሩ አሥሩም አይሸጡም። አራት ተሸጡ እንበል። ገቢው 26,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የመንገዱና የቦታው 15,000፣ የተሸጡት የአራቱ ሥዕሎች ዕቃ 10,000 ሲቀነስ 1,000 ብር ይተርፋል። ለሃያ ቀን ሥራ ማለት ነው፤ በቀን 50 ብር። ልጁ «አራት ሥዕል ሸጥኩ» ብሎ ደስ እያለው ይመጣል፤ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። ወላጅም «ሥዕል አያበላም ብዬህ አልነበረም?» ይላል።

ሥራው ሳይሆን አከፋፈሉ ነው የበላው። የመንገዱና የቦታው ወጪ መካፈል ያለበት ለያዝነው ሥዕል ሳይሆን ይሸጣል ብለን ለምንገምተው ነው። 15,000 ለአራት ሲካፈል 3,750 ይሆናል። የዕቃውና የጉልበቱ 5,000 ሲጨመርበት ዋጋው 8,750 ብር ይመጣል። አሁን አራት ቢሸጥ የቀን ሥራው በትክክል 500 ብር ይወጣለታል። ስድስቱ ያልተሸጡት ደግሞ ተበላሽተው አልቀሩም፤ ለሚቀጥለው ባዛር ተሠርተው ያለቁ ናቸው። ይህን ሂሳብ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሚሠራ አባት፣ ሥዕል ባያውቅም የልጁን ሙያ ይዞለታል።

ሽቅብ ጉዞ

ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥዕል ይዞ ለሚሄድ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። ከቆላው ሙቀት ተነሥተን ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ስንወጣ ጉም ይቀበለናል። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጋቢ ያስፈልጋል። ሥዕሉም እንደኛው ነው፤ ከሙቀት ወደ ብርድና እርጥበት ሲገባ ሸራው ይላላል፣ በደንብ ያልደረቀ ቀለም ይጣበቃል።

ስለዚህ የቀለም ፊት ከቀለም ፊት ጋር አላስነካካም። በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት አደርጋለሁ፣ ማዕዘናቸውን በካርቶን እሸፍናለሁ፣ ከላይ በላስቲክ እጠቀልላለሁ። ከእንጨቱ የተፈታ ሸራ ከሆነ የተቀባው ወገን ወደ ውጭ ሆኖ ነው የሚጠቀለለው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከረዳቱ ጋር ስለ ጭነት የምንነጋገረው ደግሞ መናኸሪያው ላይ ነው፤ መንገድ ላይ የሚጠራ ዋጋ ለማንም አይበጅም። ሥዕል የመኪና ጣሪያ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር እንዲሆን ከመፍቀድ ለአንድ ተጨማሪ ወንበር መክፈል ይረክሳል።

የእኛ መንገድ ሌላም ነገር አለው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አይተናል። ስለዚህ ባዛሩ ከመከፈቱ ሦስትና አራት ቀን አስቀድሜ እነሣለሁ፤ አዲስ አበባ ያለች የእኅቴ ቤት ሥዕሎቼን ተቀብላ ታሳድራለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እውነት ነው። ባዛር የወጣ ሠዓሊ ብቻውን የወጣ ይመስላል እንጂ፣ ከኋላው ያሳደረው፣ የተሸከመለት፣ ልጆቹን የጠበቀለት ቤተሰብ አለ።

ባዛሩ ላይ

ቦታው ላይ ከደረሱ በኋላ ሥራው መቆም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ አራትና አምስት ቀን መቆም። ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሻጭ ፊት ሰው አይቆምም። ገና ሳያይ «ይግዙ፣ ይግዙ» የሚሉት ሰውም ይሸሻል። እኔ ሰላም እላለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፤ የት እንደተሣለ፣ ያቺ ሴት ምን እንደተሸከመች። ይፋትን የሚያውቅ ከሆነ ወሬው እዚያው ይጀመራል። «ኧረ እኔም እናቴ የኤፌሶን ሰው ናት» ያለኝ ሰው ሥዕል ሳይገዛ ሄዶ፣ ማግሥቱን እናቱን ይዟት መጥቷል። የገዙት እናቲቱ ናቸው።

«የመጨረሻውን ንገሪኝ» የማይል ገዢ የለም። በዚህ አልቀየምም፤ ሰንበቴም እንዲሁ ነው። በልቤ የያዝኩት ወለል ስላለ እስከዚያ ድረስ በሣቅ እከራከራለሁ፤ ከዚያ በታች ሲሆን በትሕትና «ለዚህኛው አይሆንልኝም፣ ይህችን ትንሿን ይመልከቷት» እላለሁ። የሚያሳዝነው የሚከራከረው አይደለም፤ «እኔ ቤት ያለው ልጅ ይህን ይሥላል» ብሎ የሚያልፈው ነው። እሱንም «እግዜር ያሳድግልዎ፤ ቀለም ይግዙለት» ብዬ አሰናብተዋለሁ።

አንድ ትንሽ ደብተር ከኪሴ አትለይም። የትኛው ሥዕል ፊት ሰው እንደቆመ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ስልኩን የተወ ካለ ስሙን እጽፍባታለሁ። ባዛር ላይ ሳይገዛ ደሞዝ ሲደርስ የሚደውል ሰው አለ። ሳሎኑን ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ የሚደውልም አለ። ደብተር የሌለው ሻጭ እነዚህን ሁሉ ያጣቸዋል።

ከአንኮበር የወጣው ልጅ

ሥዕል ሲሸጥ ገንዘቡ ምን ይሁን? ከይፋት ቆላ በላይ በሚታየው ደጋ፣ አንኮበር ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 አንድ ልጅ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። እዚያ ሲደርስ ልቡ ወደ ሥዕል አዘነበለና ሥነ ጥበብ ተምሮ ተመለሰ። ይህ ሰው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ልጅን ለምሕንድስና ልኮ ሠዓሊ መቀበል ለብዙ ወላጅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የሚቀጥለው ነው። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥዕሎቻቸውን ብቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ። ከዚያ ያገኙት ገቢ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ለሁለት ዓመት ያህል የመስኮት መስታወት ሥዕል አሠራር እንዲያጠኑ አስቻላቸው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት ሥዕል የመጣው ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው።

የአንድ ትርዒት ገቢ ለሚቀጥለው ሥራ ዘር ሆነ ማለት ነው። ገበሬ ምርቱን ሁሉ አይበላም፤ ዘሩን ያስቀምጣል። እኔም ከእያንዳንዱ ሽያጭ መጀመሪያ የማነሣው የሚቀጥለውን ሸራና ቀለም መግዣ ነው። ልጃችሁ በመጀመሪያው ባዛር ያገኘውን ብር በሙሉ ለቤት ወጪ ብትቀበሉት፣ የዘር እህሉን እንደበላችሁ ቁጠሩት።

ዕቃው ሲመለስ

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ሊማሩት የሚቻል ነው። ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የበዓል ባዛር ላይ ቦታ ተከራየሁ። አዘጋጆቹ በመጨረሻው ቀን የከፈልኩበትን ቦታ ለሌላ ሰጡትና እኔን ጥግ፣ ጄነሬተር አጠገብ አደረጉኝ። የሰው እግር እዚያ አይደርስም፤ የደረሰውም በጭሱና በጩኸቱ ይሸሻል። አሥራ አራት ሥዕል ይዤ ሄጄ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብቻ ሸጥኩ። የቦታውን ኪራይ እንኳ አልሸፈነም። አሥራ ሁለቱን ይዤ ማታ ሸዋ ሮቢት ስገባ፣ ብሩሾቼን ሰብስቤ ለመንደሩ ልጆች ላድላቸው ወስኜ ነበር።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ሰፍታ የሸጠች ሴት ናት። ገመዱን ፈታችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ስንት እንደሸጥኩ አልጠየቀችኝም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ እያስደገፈች፣

«ሰው የቱ ላይ ቆመ?» አለችኝ።

«ማንም አልቆመም» አልኳት።

«ሁለት ሸጠሻል፤ ሁለት ሰው ቆሟል። ሌላስ?»

ደብተሬን አወጣሁ። ሰባት ሰው አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ነበር። ሽንኩርት ተሸክመው የሮቢን ወንዝ የሚሻገሩ ሴቶች ያሉበት ነው። ትልቅ ስለነበር ማንም አልገዛውም፤ ሰባት ሰው ግን ቆሞ አይቶታል። እናቴ ሌሎቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸው። ያንን ብቻ ተወችው። «ገበያው ነው የጠመመው፣ እጅሽ አይደለም። የቆሙበትን ግን አትርሺ» አለችና ራት ልታቀርብ ገባች።

ያን ክረምት ያንኑ የወንዝ መሻገሪያ በትንሹ ሸራ ላይ በአራት ዓይነት ሣልኩት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል። በሚቀጥለው ባዛር አራቱም ተሸጡ።

እናቴ ሥዕል አታውቅም፤ ገበያ ግን ታውቃለች። ከሰንበቴ መሶቧን ይዛ የተመለሰች ሴት ቤት ስትደርስ «መሶብ መስፋት ተዪ» የሚላት የለም። «ገበያው አልነበረም» ይባላል። መሶቡ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ እሷም ሳምንት ትወጣለች። ሥዕሉን ይዞ የተመለሰውን ልጅ ግን «አላልኩህም?» እንለዋለን። ዕቃው ያው የእጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ለአንደኛዋ ገበያውን፣ ለሁለተኛው ሙያውን እንወቅሳለን። ምናልባት ባለእጅን ዝቅ አድርጎ ማየት ገና ከአፋችን ስላልጠፋ ይሆናል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዋጁ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ምላስ ሁሉ አልደረሰበትም።

ይህን ስል የሚሥል ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሦስትና አራት ባዛር ወጥቶ ሥዕሉ ፊት አንድም ሰው ካልቆመ፣ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ያኔ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ሌላ መንገድ መነጋገር ይገባል፤ ትምህርቱንም ሆነ ሌላ ሥራውን ጎን ለጎን መያዙ ከመጀመሪያውም ደግ ነው። እኔም ለዓመታት እያስተማርኩ ነው የሣልኩት። ነገር ግን ይህ ውሳኔ ከደብተሩ ይምጣ እንጂ፣ ልጁ ደክሞት ከመኪና በወረደበት ማታ ከተነገረ ንግግር አይምጣ።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ለመጪው በዓል ባዛር የሚዘጋጅ ከሆነ፣ ሂሳቡን አብራችሁት ሥሩ፣ ወረቀቷን ጻፉለት፣ ስንቁን ቋጥሩለት፤ ለሰንበቴ መንገደኛ የሚቋጠረው ዳቦ ቆሎና በሶ ለባዛርም ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ስጡት። «ስንት ሸጥህ?» የሚለው ለነገ ይደር። «ሰው የቱ ላይ ቆመ?» በሉት፤ ከዚያም ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።